የእናቴ ሁለት ደብተሮች፦ የባልትና መጽሐፍ ሲጻፍ ምን ይመዘን፣ ምን ይነገር?

የአዳማ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

የመድረኩ አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናቴ አዳማ ባለው ቤታችን ከአርባ ዓመት በላይ የጻፈቻቸው ሁለት ደብተሮች ባለፈው ክረምት እጄ ገብተዋል። ወደ መጽሐፍ ልለውጣቸው ተነሥቼ ነበር፤ ነገር ግን ገና ከመጀመሪያው ገጽ ሳላልፍ ቆሜአለሁና ምክራችሁን እሻለሁ።

አንደኛው ደብተር የእንጀራው፣ የወጡ፣ የቅመሙና የጠላው አሠራር የተጻፈበት ሲሆን፣ ከዳር እስከ ዳር ቢገለጥ ቁጥር የሚባል ነገር አይገኝበትም። «ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ ድስቱን እስኪይዝ»፣ «በርበሬው ጥሬ ጥሬ መሽተቱን እስኪተው»፣ «ቅቤው ዝም እስኪል» እያለ ይሄዳል። ጨው ጋ ሲደርስ «እንደ ልማድሽ» ይላል፤ የማን ልማድ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ሁለተኛው ደብተር የግብዣ መዝገብ ነው። ማን በምን ምክንያት እንደተጠራ፣ ምን እንደቀረበ፣ ምን እንዳነሰ፣ ማን ምን እንደማይበላ፣ ማን ከማን አጠገብ መቀመጥ እንደሌለበት ሳይቀር ተጽፎበታል።

መደርደሪያዬ ላይ ስለ ምግባችን የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት አሉ። አንዱ ዳንኤል ጆቴ መስፍን በ1987 (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ቨርጂኒያ ያሳተሙት ሲሆን፣ እኔን ጨምሮ እናቱን ትቶ ለመጣ ሰው ሁሉ ባለውለታ ነው። ሁለተኛው ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ነው። ሁለቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ ሁለቱም ነገሩን በኩባያ፣ በማንኪያና በደቂቃ ያስቀምጡታል። እኔ የምጽፈው በአማርኛ ነው። ጥያቄዬ ታዲያ ይህ ነው፦ የእናቴን «እስኪል» ሁሉ ወደ ግራምና ደቂቃ ልለውጠው ወይስ እንዳለ ልተወው? ሁለተኛውስ ደብተር ይታተማል ወይስ የቤት ገመና ነው?

ምድጃ (አዲስ አበባ)

እኔ በሙያዬ ወጥ ቤት ነኝ፤ ወጣት ሠራተኞችንም አሠለጥናለሁ። ለመጀመሪያው ጥያቄዎ የምሰጠው መልስ ለሁለት ይከፈላል፦ ግራሙን ይጻፉ፣ ደቂቃውን ግን አይመኑት።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። አዳማ ዝቅ ስለምትል በመጠኑ ይሻላል። እርስዎ ያሉበት ከተማ ግን ከባሕሩ እምብዛም ከፍ ስለማይል 100 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። አንድ ዓይነት ምስር ወይም አተር ክክ በሁለቱ ቤቶች በአንድ ሰዓት ልክ ሊበስል አይችልም፤ እዚህ የተጻፈውን ደቂቃ እዚያ የተከተለ ሰው ክኩን ገንፎ አድርጎ ያገኘዋል። የሊጡ ነገር ከዚህም ይብሳል። በክረምት በሦስተኛው ቀን ያልነሣ ሊጥ፣ በበጋ በሁለተኛው ቀን አልፎበት ይቆመጥጣል። አብሲት የሚጣልበትን ጊዜ በሰዓት ቆጥሮ የሚነግር መጽሐፍ ካለ ጸሐፊው እንጀራ የጋገረው አንድ ቀን ብቻ ነው ማለት ነው። ውሃው ከላይ ሲጠልልና አረፋው ሲበርድ ያን ጊዜ ነው፤ የእናትዎ «እስኪል» የትም አገር ይሠራል።

መጠኑ ግን መመዘን አለበት። «አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ» ሲባል የደቀቀው በርበሬና ሻካራው በርበሬ በክብደት አይመጣጠኑም። ሽንኩርትም «አሥር ራስ» ሲባል የእኛ አገር ቀይ ሽንኩርትና በአሜሪካ ሱቅ የሚሸጠው የጡጫ ያህሉ ሽንኩርት አይገናኙም። እኛ ቤት ለአንድ ዶሮ የተላጠ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት እናቁላላለን፤ የተላጠ ማለቴን ልብ ይበሉልኝ።

አባ መዝገብ (ባሕር ዳር)

የወጥ ቤቱን ሰው አስተያየት አክብሬ በአንድ ነገር ግን ልለይ። ባልትና ከእናት ጎን ቆሞ በዓይንና በአፍንጫ የሚወረስ ሙያ ነው፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ የሚቀረው ገለባው ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ እኅቴ፣ እኔ ብሆን ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛውን ደብተር አስቀድሜ አሳትማለሁ።

በታሪካችን የተጻፈውም ይኸው ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በምኒልክ ዜና መዋዕላቸው የእንጦጦ ማርያምን ምርቃት ግብር ሲያወጉ፣ ስንት ጭልፋ በርበሬ እንደገባ አልነገሩንም፤ ምን እንደቀረበና ማን እንደተስተናገደ ግን ነገሩን። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን በ2009 (እ.ኤ.አ.) ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ይህንኑ የ1887 (እ.ኤ.አ.) የእቴጌ ጣይቱን ግብር መነሻ አድርጎ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፏል። እቴጌይቱ ከየአገሩ የመጣውን የወጥ ዓይነት በአንድ ድንኳን ማገናኘታቸው፣ ዛሬ «የአገር ምግብ» የምንለው ነገር መልክ እንዲይዝ እንዳደረገ ያስረዳል። ሊቁ ይህን ሁሉ ያገኘው ከእንግዳ መዝገብ እንጂ ከወጥ አሠራር አይደለም።

ይህን ካነሣሁ አይቀር፣ እቴጌይቱ ሆቴል ሲከፍቱ ሰው በልቶ መክፈልን አፍሮ ነበር እየተባለ ሲነገር እንደኖረ ታስታውሳላችሁ። ቤት ለእንግዳ በሚባልበት አገር እንጀራ በገንዘብ መግዛት እንግዳ ነገር ቢሆን አያስደንቅም። እንዲህ ያለውን ስሜት ግራም አይይዘውም።

ምድጃ (አዲስ አበባ)

አባ መዝገብ፣ እንደ አባት አከብርዎታለሁ፤ «ገለባ» ያሉትን ግን ልቀበለው አልችልም። ከእናት ጎን መቆም የሚችል ሰው ቢኖር ኖሮ ጠያቂዋ ቨርጂኒያ ተቀምጠው ባልጠየቁን ነበር። ሩት ሴሊኑስ የተባሉ ስዊድናዊት በ1971 (እ.ኤ.አ.) ኡፕሳላ ላይ ስለ መካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ ባህላዊ ምግብ አነስ ያለ የጥናት መጽሐፍ አሳትመዋል። ከሠልጣኞቼ ጋር ሳነበው ከሁሉ የሚያስቀናኝ ነገር አንድ ነው፦ ለእናቶቻችን የዕለት ተዕለት ሥራ የሆነውን ነገር፣ ሊመዘንና ሊጻፍ የሚገባው ቁም ነገር አድርገው ማየታቸው ነው። ይህን እኛ ብንሠራው ምን ነበረበት?

ነታንያ (እስራኤል)

ከእኛ ቤት አንድ ነገር ልጨምር። በእስራኤል የምንኖር ቤተ እስራኤላውያን ሥጋን ከወተት ውጤት ጋር ስለማንቀላቅል ዶሮ ወጣችን በቅቤ አይሠራም። በአገር ቤት ልምድ የተጻፈ የባልትና መጽሐፍ ሳነብ «ሦስት ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጨምር» የሚለው ጋ ስደርስ በሩ ይዘጋብኛል፤ ቅቤው ለምን እንደገባ ስላልተነገረኝ በምን እንደምተካው አላውቅም። ለስቡ ነው? ለሽታው ነው? ወጡን ለማለስለስ ነው? ከብዙ ሙከራ በኋላ የገባኝ፣ የጎደለኝ ቅቤው ራሱ ሳይሆን በቅቤው ውስጥ የነበሩት ኮሰረቱ፣ በሶብላውና ኮረሪማው መሆናቸው ነው። አሁን ዘይቱን በእነዚሁ ቅመሞች አነጥረዋለሁ፤ የአገር ቤት ሰዎችም ለጾም እንዲህ የሚያደርጉ እንዳሉ በኋላ ሰማሁ።

ስለዚህ የእኔ ምክር ከሁለታችሁም ትንሽ ይለያል። ግራሙም ምልክቱም ይጻፍ፤ ከሁሉ በላይ ግን ምክንያቱ ይጻፍ። «ሲቀርብ ይሙቅ» የሚለውን እንኳ ብትወስዱት፣ አያቶቼ በጎንደር ሰንበት እሳት ስለማያነዱ ዓርብ የተሠራውን በማግስቱ እንደ ቀዘቀዘ ነበር የሚበሉት። ምክንያቱን የሚያውቅ አንባቢ ቤቱን ከመጽሐፉ ጋር ማስታረቅ ይችላል።

ወልቂጤ

አጭር ነገር ነው የምለው። እባክዎ ርእሱን «የኢትዮጵያ ምግብ» አይበሉት። እንጀራና ወጥ ብቻ ይዞ ይህን ስም የሚሸከም መጽሐፍ በየጊዜው አያለሁ፤ ክትፎ በአንድ ገጽ ይጠቀስና ከጎኑ ያለው ቆጮ «የእንሰት ዳቦ» ተብሎ ይታለፋል። እንሰቱ እስኪደርስ ዓመታት እንደሚፈጅ፣ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚብላላ፣ ቡላው ከቆጮው እንዴት እንደሚለይ የሚጠይቅ የለም። የእናትዎ ደብተር የአንድ የአዳማ ቤት ደብተር ነው፤ ይህ ደግሞ አያሳንሰውም። ስሙን በልኩ ይስጡት።

ደሴ ፒያሳ

የወልቂጤውን ወንድሜን ሐሳብ እደግፋለሁ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በእኛ ቤት የዓመቱ ምግብ በጾምና በፍስክ አይከፈልም። ረመዳን ሲገባ በተምር ተፈጥሮ ሾርባውና ሳምቡሳው ይከተላል፤ ረቡዕና ዓርብ ለእኛ እንደ ማክሰኞ ናቸው።

ስለ ሁለተኛው ደብተር ግን አንድ ነገር ለማወቅ ጓጉቻለሁ። በወሎ ክርስቲያኑ ሙስሊሙን ጎረቤቱን ሲጠራ፣ ወይም ሙስሊሙ ክርስቲያኑን ሲጠራ፣ የሥጋው ነገር በጥንቃቄ ይያዛል። ለእንግዳው ወገን የሚታረደውን በግ ከእንግዶቹ አንዱ እንዲባርከው ይደረጋል፤ ድስቱና ቢላዋው ይለያል፤ ወጡን የሚሠሩትም ከእነሱው ቤት የመጡ ሴቶች ናቸው። አስተናጋጁ በገዛ ግብዣው ከገዛ በጉ አይቀምስም ማለት ነው። ይህን መስተንግዶ በየትኛውም የምግብ መጽሐፍ ተጽፎ አላነበብሁም። በእናትዎ መዝገብ ይኖር ይሆን?

የአዳማ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የደሴውን ጥያቄ እንዳነበብሁ ደብተሩን አንሥቼ ስፈልግ፣ የታላቅ ወንድሜ ሠርግ በተጻፈበት ገጽ ላይ ይህን አገኘሁ፦ «ለነሐጅ ቤት አንድ በግ ተለየ። እነሱው ይረዱ። ድስቱም ከነሱ ቤት ይምጣ፣ የኛ ታጥቦም ቢሆን አይሆንም። እኛ ሽንኩርት ልጠን፣ እንጨት ሰጥተን ዞር እንበል።» ከሥሩ ደግሞ በሌላ ቀለም፦ «ሽንኩርት አነሰ፣ አፈርኩ።» ይህን ገጽ ልጅ ሆኜ አይቼው ቢሆን ኖሮ የገበያ ማስታወሻ መስሎኝ አልፈው ነበር።

አባ መዝገብ ከሁለተኛው ደብተር ጀምሪ ያሉኝን አሁን በሌላ ዓይን አየዋለሁ። ሆኖም አንደኛውን አልተውሁትም፤ ባለፈው ቅዳሜ ሚዛን ገዝቼ ፈተንሁት። ምድጃ እንዳሉኝ ሽንኩርቱን ልጬ ሁለት ኪሎ መዝኜ፣ ያለ ዘይት አቁላላሁት። «ውሃውን ጨርሶ ድስቱን እስኪይዝ» የሚለው ጋ ለመድረስ በእኔ ምድጃ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። የገረመኝ ግን ምልክቱን ከማየቴ በፊት መስማቴ ነው፤ ሲንተከተክ የነበረው ድስት በአንድ ጊዜ ድምፁን ለውጦ መጮህ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው የእናቴ ደብተር ለጆሮም ጭምር የተጻፈ መሆኑ የገባኝ።

በሻርጃ

እኔ ለስድስት ዓመት በሰው ቤት ምግብ በማብሰል የምተዳደር ሴት ነኝ፤ ጽሑፌ ቢሳሳት ይቅርታ አድርጉልኝ። የዚህን አገር ምግብ የተማርሁት ከአሠሪዬ እናት ጎን ቆሜ ነው፤ ቋንቋቸውን ስለማላውቅ በዓይኔና በአፍንጫዬ ብቻ ተማርሁት። ስለዚህ አባ መዝገብ ያሉት እውነት ነው። ግን ደግሞ አገሬ ሳለሁ ዕድሜዬ ልጅ ስለነበር የእናቴን ወጥ ሳልማር ነው የወጣሁት። አሁን ዓርብ ዕረፍት ስንሆን ከእኅቶቼ ጋር የምንሠራው እንጀራ ግማሹ የሩዝ፣ ግማሹ የስንዴ ዱቄት ነው፤ ጤፍ ለደመወዛችን ውድ ነው። መጽሐፍዎ በጤፍ ብቻ ከሆነ ለእኛ ወሬ ነው የሚሆነው። ሊጡ በእነዚህ ዱቄቶች ሲሆን ምን እንደሚመስል አንድ ገጽ ቢጨምሩልን ትልቅ ውለታ ነው።

ሌላው የእንግዳ ነገር ነው። እዚህ አገር ቡና ሲቀዳ እንግዳው ሲበቃው ፍንጃሉን ነቅነቅ ያደርገዋል፤ አስተናጋጁም ይገባዋል፤ ያልነቀነቀ ሰው ይቀዳለታል። የእኛ ከዚህ ይከብዳል። እንግዳው መጀመሪያ «ጠግቤያለሁ» ይላል፤ ያ ግን እንቢታ አይደለም። ሁለተኛ «በሞቴ» ሲባል እጁን ይሰድዳል። እዚህ የተወለዱ የጓደኞቼ ልጆች የመጀመሪያውን «ጠግቤያለሁ» እንደ እውነት ይዘው ሳህኑን ሲያነሡ አይቻለሁ፤ እንግዳዋ ተርባ ነው የሄደችው። ሦስተኛው ቡና በረካ ሳይጠጣ መነሣትም እንደዚሁ ነው፤ ለምን እንደሚያስቀይም ያልተነገረው ልጅ በምን ያውቃል? ወጥ ብቻ አይጻፍ እላለሁ።

አባ መዝገብ (ባሕር ዳር)

የሻርጃዋን ልጄን ካነበብሁ በኋላ «ገለባ» ያልሁትን ቃሌን አንሥቻለሁ። እናት ያጠገቧ ለሆነ ሰው ሚዛን ትርፍ ነው ያልሁት፣ እናት የራቀችበትን ሳላስብ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እለምናለሁ፦ ሁለቱ ደብተሮች በሁለት መጽሐፍ አይለዩ። የዶሮው አሠራር በተጻፈበት ገጽ ላይ፣ ከአሥራ ሁለቱ ብልት ፈረሰኛው ለማን እንደሚወጣ ካልተጻፈ ዶሮው ገና አልተሠራም።

ምድጃ (አዲስ አበባ)

ስለ አከፋፈሉ አንድ ነገር ልበል። በእንግሊዝኛ የሚታተሙት መጻሕፍት «መክፈቻ፣ ሾርባ፣ ዋና ምግብ፣ ጣፋጭ» ብለው ምግባችንን ከማያውቀው ቤት ያስገቡታል፤ አዚፋው መክፈቻ፣ ሽሮው ሾርባ ሆኖ ይገኛል። ጣፋጩ ምዕራፍማ ባዶ እንዳይቀር ሲሉ የሚከቱበትን ባታዩ ይሻላል። የእናትዎ ቤት የክርስቲያን ቤት ከሆነ አከፋፈሉን ጾምና ፍስክ ያድርጉት፤ የደሴው ወንድሜ እንዳለው የሁሉ ቤት አይደለም፣ የእሳቸው ቤት ግን ነው። የሁዳዴን 55 ቀንና የፍልሰታን 15 ቀን በአንድ ዓይነት ሽሮ ያሳለፈ ባለሙያ አላውቅም፤ የጾሙ ምዕራፍ ከፍስኩ እንደሚረዝም ከወዲሁ ይዘጋጁ።

የአዳማ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

በምክራችሁ መሠረት የመጀመሪያዋን ገጽ ሞክሬአለሁ። እነሆ፣ ያለ ርኅራኄ እረሙልኝ።

«ንጥር ቅቤ። አንድ ኪሎ ጨው የሌለበት ቅቤ በከባድ ድስት፣ በዝግታ እሳት ይቅለጥ። መጀመሪያ ይጮኻል፤ የሚጮኸው ውስጡ ያለው ውሃ ነው። አረፋው ከላይ ሲሰበሰብ በማንኪያ ይገፈፍ። ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ጥቂት አብሽና እርድ ይጨመር። ቅቤው ዝም ሲል ውሃው አልቋል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ደቂቃ መዘንጋት ማሳረር ነው። ዝቃጩ ድስቱ ሥር ይቅር፣ ጥሩው በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል። ከሱቅ ቅቤ አንድ ኪሎ 790 ግራም ወጥቷል። ሥጋን ከወተት ለማይቀላቅል ቤት፣ ይህንኑ ቅመም በዘይት ማንጠር ይቻላል፤ ዘይት ግን ዝም ማለትን አያውቅምና በአፍንጫ ይጠበቅ። በእኛ ቤት ከፋሲካ በፊት በነበረው ሳምንት ይነጠር ነበር፤ ጎረቤት በሽታው ስለሚያውቅ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ስኒ ይላክ ነበር።»

ምድጃ (አዲስ አበባ)

ጥሩ ነው። ሁለት እርማት አለኝ። የአሜሪካ ቅቤ ቢያንስ 80 በመቶ ስብ እንዲኖረው በሕግ የተደነገገ ስለሆነ ሚዛንዎ የተስማማ ነው፤ የገጠር ቅቤ ግን አሬራና ውሃ ስለሚበዛበት ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ይለያያል፤ አገር ቤት ላለ አንባቢ የወጣውን ክብደት «እንደ ቅቤው» ይበሉት። ሁለተኛ፣ ኮሰረቱን ረስተውታል። ነታንያ ያለችው እኅታችን የተቸገረችው በእሱ ነበር። እናትዎ ኮሰረቱን ከሌላው ቅመም ጋር ነው የሚጨምሩት ወይስ ቅቤው ዝም ካለ በኋላ? ሁለቱንም የሚያደርጉ ባለሙያዎች አውቃለሁ፤ ሽታው አንድ አይደለም።

የአዳማ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ደብተሩን አሁን ደግሜ አየሁት፤ «ኮሰረት» ይላል እንጂ መቼ እንደሆነ አይልም። አዳማ አሁን ሌሊት ነው። ነገ ጠዋት ከቡና በኋላ ደውዬ እጠይቃታለሁ።